ሊኑክስ ከርነል ላይ ዩኤስቢ ማስተካከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ሊኑክስ የሚነካካ ልጅ ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀኝ ተመሳሳይ ስለሆነ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። የኦፕሽንና የትዕዛዝ ስሞችን አፋችን ላይ እንደምንጠራቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፣ ስክሪን ላይ ያው በላቲን ነው የምታገኟቸው፣ ስታዩዋቸው ትለዩዋቸዋላችሁ።

ዩኤስቢ አልሰራ አለኝ፣ ከርነል ኮምፓይል ላድርግ?

ኧረ ቆይ! ከርነል ማለት ከዕቃዎቹ ጋር የሚያወራው የሊኑክስ እምብርት ነው፣ ኮምፓይል ማድረግ ደግሞ እሱን ከሶርስ ኮዱ ራሳችሁ መስራት። ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ ይዘውት የሚመጡት ከርነል የዩኤስቢ ድራይቨሮችን ከሞላ ጎደል በሙሉ በሞጁል (ሲያስፈልግ በሚጫን ቁራጭ) መልክ ይዟል፣ ስለዚህ እሱን እየተጠቀማችሁ አንድ ዕቃ አልሰራ ካለ ጥፋቱ የኮንፊግ (ከርነሉ ሲሰራ ምን ይግባ ምን ይውጣ የሚለው ምርጫ) የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ራሳችሁ ኮምፓይል የምታደርጉት ወይ ለአሮጌ ማሽን ቀለል ያለ ከርነል ፈልጋችሁ፣ ወይ ጄንቱ ምናምን (ሁሉን ከሶርስ የሚያስገነባ ሊኑክስ) እየተጠቀማችሁ፣ ወይ ለምትሰሩት ቦርድ፣ ወይ ደግሞ አምስት ኪሎ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ተምራችሁ መነካካት አምሯችሁ ከሆነ ነው።

ከምንም በፊት ግን ተርሚናል ከፍታችሁ «ሱዶ ዲሜሴጅ» ከሰረዝና ከደብልዩ ጋር ጽፋችሁ ክፍት ተዉት፣ ከዛ ዕቃውን ሰኩት። የሚወጣውን ማንበብ ነው ሙያው። ምንም መስመር ካልወጣ ወይ ፖርቱ ወይ ገመዱ ሞቷል ወይ ደግሞ የኮንትሮለሩ (ፖርቶቹን የሚመራው ቺፕ) ድራይቨር የለም (ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያሳልፍ ገመድ ሜክሲኮም መርካቶም ሞልቷል፣ ከላይ ሲታይ አይለይም)። «ኒው ሃይ ስፒድ ዩኤስቢ ዲቫይስ» ብሎ ከቁጥሩ በኋላ ዝም ካለ ኮንትሮለሩ ዕቃውን አይቶታል ግን የሚይዘው ድራይቨር አላገኘም፣ ኮንፊግ ማየት ያለባችሁ ያኔ ነው። «ኤረር ማይነስ 71» ወይም «ማይነስ 110» እያለ ከደጋገመ ደግሞ የመጀመሪያው የፕሮቶኮል ስህተት ነው፣ ሁለተኛው ዕቃው መልስ ሳይሰጥ ጊዜው አለፈ ማለት ነው፣ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ከገመድ፣ ከላላ ፖርት ወይ ከኃይል ማነስ ስለሚመጡ መቶ ጊዜ ኮምፓይል ብታደርጉ አይድኑም። ኤስዲቢ ምናምን የሚል የዲስክ ስም ድረስ ወጥቶ ማውንት (ፎልደር ሆኖ መከፈት) ብቻ እምቢ ካለ ዩኤስቢው ስራውን ጨርሷል፣ የጎደለው ፋይል ሲስተም (የዲስኩን ፎርማት የሚያነበው ክፍል) ነው።

ሌላው «ኤልኤስዩኤስቢ» ከሰረዝ ቲ ጋር ነው፣ የተሰካውን ሁሉ በቅርንጫፍ ያሳያል፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ «ድራይቨር» ከሚለው ጎን ባዶ ወይም «ኖን» ካያችሁ ያ ዕቃ ያዥ የለውም ማለት ነው።

እሺ ኮንፊግ ነው እንበል፣ ሜኑው ውስጥ የቱን ልምረጥ?

የከርነል ሶርሱ ፎልደር ውስጥ ሆናችሁ «ሜክ ሜኑኮንፊግ»፣ ከዛ ዲቫይስ ድራይቨርስ፣ ከዛ ዩኤስቢ ሰፖርት። መጥፋት ከጀመራችሁ የስላሽ ቁልፍን ተጫኑና የኦፕሽኑን ስም ጻፉ፣ የት እንዳለና የማን ጥገኛ እንደሆነ ይነግራችኋል። አንድ ኦፕሽን ሜኑው ላይ ጭራሽ አልታይ ካለ ሌላ ያልተከፈተ ነገር ላይ ጥገኛ ስለሆነ ነው፣ «ዲፔንድስ ኦን» የሚለውን መስመር እዩ።

መጀመሪያ ኮንትሮለር። አራት አይነት ነው ያለው፦ ዩኤችሲአይ እና ኦኤችሲአይ ለድሮው ዩኤስቢ 1.1፣ ኢኤችሲአይ በ2000 ለመጣው ዩኤስቢ 2.0፣ ኤክስኤችሲአይ ደግሞ በ2008 ለወጣው ዩኤስቢ 3.0 እና ከዛ በኋላ ላሉት። ሊኑክስ እዚህ ላይ ወደኋላ አልቀረም፣ እንደውም ዩኤስቢ 3.0ን ቀድሞ የደገፈው እሱ ነው፣ በ2009 በወጣው 2.6.31 ከርነል። አዲስ ላፕቶፕ ከሆነ ኤክስኤችሲአይ ብቻ ይበቃል፣ ግን የፒሲአይ ክፍሉን (ዩኤስቢ_ኤክስኤችሲአይ_ፒሲአይ) እንዳታጠፉት፣ ዋናው በርቶ እሱ ከጠፋ ኮንትሮለሩን የሚያገኝለት የለም።

ዩዝድ ተብሎ የገባ ኮር ቱ ዱዎ ዘመን ማሽን ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ኢኤችሲአይ ብቻውን ከኪቦርድና ማውስ ጋር አያወራም፣ እነሱ በዝግታው ፍጥነት ስለሚሰሩ ኮንትሮለሩ ለጓደኛው ለዩኤችሲአይ ወይ ለኦኤችሲአይ ነው የሚያስተላልፋቸው። ያንን ካጠፋችሁት ፍላሹ ይሰራል፣ ማውሱ ይሞታል፣ እናንተም ማውሱ ተበላሸ ብላችሁ ሌላ ትገዛላችሁ። ኢንቴል ማሽን ላይ ዩኤችሲአይ፣ ኤኤምዲ ላይ ኦኤችሲአይ ነው አብዛኛውን ጊዜ፣ ካላወቃችሁ ሁለቱንም ክፈቱ፣ የሚይዙት ቦታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ኮከብ ላድርገው ኤም?

ኮከብ ያለው ዋናው ከርነል ውስጥ ይገባል፣ ኤም ያለው ሞጁል ሆኖ ሲያስፈልግ ይጫናል። እኔ የምለው፣ ኮንትሮለሩና ኪቦርዱ (ዩኤስቢ_ኤችአይዲ እና ኤችአይዲ_ጀነሪክ) ኮከብ ይሁኑ፣ የተቀረው ሁሉ ኤም። ምክንያቱም ቡት ላይ አንድ ነገር ተበላሽቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ሲያቆማችሁ ኪቦርዱ ካልሰራ የምታደርጉት የለም።

ሎካልሞድኮንፊግ አሪፍ ነው ይባላል፣ ከዛ በኋላ ግን ፍላሽ መስራት አቆመ?

አዎ፣ ሁሉም የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» የሚያየው አሁን በዚህች ደቂቃ የተጫኑትን ሞጁሎች ነው፣ ያልተጫነውን ያጠፋዋል። ፍላሽ ሳትሰኩ ካስኬዳችሁት ዩኤስቢ_ስቶሬጅ ተጠራርጎ ይወጣል፣ ፕሪንተሩም ዌብካሙም እንደዛው። ስለዚህ ከማስኬዳችሁ በፊት ቤት ያለውን ሁሉ ሰኩ፦ ፍላሽ፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ዶንግል፣ የስልክ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ መጠቀም)፣ ዌብካም፣ የጓደኛችሁን የኮምፒውተር ማይክም ጭምር። አንዴ ከተጫነ በኋላ ብትነቅሉትም ሞጁሉ ሪስታርት እስክታደርጉ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ እዛው ስለሚቆይ በየተራ መሰካት ይቻላል። ፍላሹን ማውንት ማድረግም አትርሱ፣ ያለዛ ፋይል ሲስተሙ ይቀራል።

ፍላሽ ዲሜሴጅ ላይ ይታያል ግን አይከፈትም፣ የተከፈተውም የአማርኛ ፋይል ስሞችን ጥያቄ ምልክት አደረጋቸው?

ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ፍላሽ ለከርነሉ የስካዚ ዲስክ ሆኖ ነው የሚቀርበው፣ ስለዚህ ዩኤስቢ_ስቶሬጅ ብቻ ሳይሆን ስካዚ እና ብሎክ_ዴቭ_ኤስዲ የሚባሉት መከፈት አለባቸው። ኤስዲ ከሌለ ከርነሉ «ዩኤስቢ ማስ ስቶሬጅ ዲቫይስ ዲቴክትድ» ይልና ዲስኩ ግን አይመጣም፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋር ነው ፀጉሩን የሚነጨው።

ከዛ ፋይል ሲስተም። ትናንሽ ፍላሾች ቪፋት፣ 64 ጊጋና ከዛ በላይ ያሉት በብዛት ኤክስፋት፣ ከዊንዶውስ ማሽን የመጣ ሃርድ ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ ነው። ኤክስፋት በደንብ የገባው 5.7 ከርነል ላይ ነው (2020)፣ ኤንቲኤፍኤስ3 የሚባለው የሚጽፈውም ድራይቨር 5.15 ላይ (2021)። ከዛ በታች ያለ ከርነል ይዛችሁ ከሆነ ከውጭ ፕሮግራም መጫን ነው። ቪፋት ደግሞ ኮድፔጅ 437 ካልተከፈተለት «ኮድፔጅ አልተገኘም» ብሎ ማውንት አያደርግም፣ ፋይል ሲስተምስ ስር ኔቲቭ ላንጉዌጅ ሰፖርት የሚል ሜኑ አለ፣ እዛ ታገኙታላችሁ።

የጥያቄ ምልክቱ እዛው ሰፈር ነው። ፋይሉ ላይ ያለው ስም ደህና ነው፣ አልጠፋም፣ አትደንግጡ። በእጃችሁ ማውንት ስታደርጉ ቪፋት በዲፎልት በላቲን ኢንኮዲንግ ስለሚያነብ «ደብዳቤ» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ፋይል አራት ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። ማውንት ስታደርጉ ዩቲኤፍ8 የሚለውን ኦፕሽን ጨምሩ፣ ወይ አንዴ ለሁልጊዜ ኮንፊግ ላይ ፋት_ዲፎልት_ዩቲኤፍ8 የሚለውን ክፈቱት። እኛ አገር የሚሰራ ከርነል ላይ ይሄ ኦፕሽን መጥፋት የለበትም ባይ ነኝ። ኖም (ጂኖም) ወይም ኬዲኢ የሚባሉት ዴስክቶፖች ላይ ተጭኖ የሚከፈት ፍላሽ ይሄ ችግር የለበትም፣ ዴስክቶፑ ራሱ ያስተካክለዋል።

የድሮው የሁዋዌ ዶንግል ሲዲ ሆኖ ብቻ ነው የሚታየው፣ ኢንተርኔት የለም?

የነዚህ ዶንግሎች አመል ነው። መጀመሪያ ሲሰካ የዊንዶውስ ሶፍትዌሩን ሊጭንላችሁ ሲዲ ሆኖ ይቀርባል፣ ኤልኤስዩኤስቢ ላይ የሁዋዌ ቁጥር 12ዲ1 ቀጥሎ 1446 ያያችሁ እንደሆነ ገና አልተገለበጠም። ሞደም የሚያደርገው ከርነል ሳይሆን «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የሚባል ፕሮግራም ነው፣ ኢንስቶል አድርጉትና ነቅላችሁ ሰኩት፣ ሁለተኛው ቁጥር ሲቀየር ታያላችሁ። ከተገለበጠ በኋላ ነው ከርነሉ ስራ የሚኖረው፦ ዩኤስቢ_ሲሪያል_ኦፕሽን የሚባለው (ስሙ ነው ግራ የሚያጋባው፣ «ኦፕሽን» የሚለው የሞደም ካምፓኒ ስም ነው) ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0፣ 1፣ 2 እያለ ፖርቶቹን ያወጣል። በነሱ በኩል ለመደወል ፒፒፒ እና ፒፒፒ_ኤሲንክም ያስፈልጋሉ፣ እነሱ ተረስተው ነው «ኮኔክትድ» ካለ በኋላ ወዲያው የሚበጠሰው። ሃይሊንክ የሚባለው አይነት ደግሞ ራሱ ትንሽ ራውተር ስለሆነ ሲዲሲ_ኢተር ብቻ ይበቃዋል፣ እንደ ኔትወርክ ካርድ ነው የሚመጣው፣ ብሮውዘር ላይ 192.168.8.1 ብትሉ ገጹ ይከፈታል።

ዶንግል ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ብዙ ኃይል ይስባል። ኃይል በሌለው ሃብ ላይ ሰክታችሁት በየአስር ደቂቃው እየተቋረጠ ከሆነ ላፕቶፑ ላይ ቀጥታ ሰኩት። ዩኤስቢ 2.0 ፖርት የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፣ 3.0 ደግሞ 900፣ ሃቡ ላይ አራት ዕቃ ከደረደራችሁ ያችኑ 500 እየተሻሙ ነው።

መብራት ሲጠፋ ስልኬን በዩኤስቢ ቴዘር ማድረግስ?

አንድሮይድ ከሆነ አርኤንዲአይኤስ_ሆስት፣ አዳዲሶቹ ላይ ሲዲሲ_ኤንሲኤም፣ አይፎን ከሆነ ዩኤስቢ_አይፒኤችኢቲኤች። ሁሉም ዩኤስቢ ኔትወርክ አዳፕተርስ የሚለው ሜኑ ስር ናቸው፣ ሦስቱንም ኤም አድርጋችሁ እርሱት።

አርዱዊኖ ሰክቼ ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0 መጥቶ ወዲያው ይጠፋል?

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው፣ ምክንያቱም ሁሉም ከርነሉን ነው የሚጠረጥረው። እዚህ የሚሸጡት ርካሽ ክሎን ቦርዶች ላይ ያለችው ቺፕ ሲኤች340 ናት፣ ኤልኤስዩኤስቢ ላይ 1ኤ86 ቀጥሎ 7523 ብላ ትታያለች፣ ድራይቨሯ ዩኤስቢ_ሲሪያል_ሲኤች341 ነው። ዲሜሴጅ ላይ «ሲኤች341 ኮንቨርተር አታችድ ቱ ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0» ይልና በሰከንድ ውስጥ «ዲስኮኔክትድ» ይላል። አሁን በሁለቱ መስመሮች መሃል ያለችውን አንብቡ፦ «ብርልቲቲዋይ» የሚል ስም አለባት። ብርልቲቲዋይ ለዓይነ ስውራን የብሬል ስክሪን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ነው፣ አንዳንድ የብሬል ዕቃዎች ይችኑ ቺፕ ስለሚጠቀሙ የእናንተን አርዱዊኖ ብሬል መስሎት ከድራይቨሩ እጅ ይነጥቀዋል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ የታወቀ ነገር ነው። የብሬል ዕቃ የማትጠቀሙ ከሆነ አንኢንስቶል አድርጉት፣ በቃ፣ ከርነሉን አትንኩ።

ፖርቱ ቆሞ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ደግሞ ዩዘራችሁን ዳያልአውት የሚባለው ግሩፕ ውስጥ አስገቡትና ሎግአውት አድርጋችሁ ግቡ። ሌሎቹ ቺፖች ኤፍቲዲአይ (0403 ቀጥሎ 6001)፣ ፒኤል2303 እና ሲፒ210ኤክስ ናቸው፣ አራቱንም ኤም ማድረግ ነው። ትክክለኛዋ አርዱዊኖ ኡኖ ግን ከነዚህ ውስጥ የለችም፣ እሷ ሲዲሲ_ኤሲኤም ናት፣ ስሟም ቲቲዋይ ኤሲኤም 0 ብሎ ነው የሚወጣው።

ላብ ወይም ኢንተርኔት ቤት ነው ያለኝ፣ ሰዉ ፍላሽ እንዳይሰካ ማድረግ እፈልጋለሁ?

መጀመሪያ ለምን እንደሆነ እንለይ። ቫይረስ ፈርታችሁ ከሆነ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ያሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ላይ ፍላሽ ሰክታችሁ ፕሪንት ስታስደርጉ የሚለጠፍባችሁ ፎልደሩን ደብቆ ሾርትከት የሚተካው ቫይረስ ሊኑክስ ላይ አይሰራም፣ የተደበቀውን ፎልደርም ፋይል ማናጀሩ እንደማንኛውም ፎልደር ያሳያችኋል። ለዚህ ብላችሁ ደንበኛ አታስቀይሙ።

ፋይል እንዳይወጣ ከሆነ ግን ዩኤስቢ_ስቶሬጅን ከኮንፊግ ማጥፋት ይቻላል፣ ዩኤኤስ የሚባለው ፈጣኑ የዲስክ ድራይቨርም እሱ ላይ ጥገኛ ስለሆነ አብሮ ይሄዳል። ግን ልብ በሉ፣ ስልክ በኤምቲፒ (ስልክ ፋይሉን ለኮምፒውተር በሚያሳይበት መንገድ) ሲሰካ በዩኤስቢ_ስቶሬጅ በኩል አያልፍም፣ ፕሮግራሙ ቀጥታ ነው ከዕቃው ጋር የሚያወራው፣ ስለዚህ ፍላሹን ዘግታችሁ ለስልኩ በሩን ከፍታችሁለታል። የተሻለው ዩኤስቢጋርድ የሚባለውን መጫንና የተፈቀዱትን ዕቃዎች ብቻ ዘርዝሮ ሌላውን መከልከል ነው። ከርነል ፓራሜትር (ከርነሉ ሲነሳ ቡት መስመሩ ላይ የሚሰጠው) ላይ «ዩኤስቢኮር ኦቶራይዝድ ዲፎልት» ዜሮ ማድረግም አለ፣ ዴስክቶፕ ላይ ግን ኪቦርዱንም ማውሱንም አብሮ ስለሚዘጋባችሁ ሳታስቡ እንዳትሞክሩት። ባዮሱ ላይ ፓስወርድ ካላደረጋችሁ ደግሞ ይሄ ሁሉ ድካም ከንቱ ነው፣ ልጁ የራሱን ሊኑክስ ፍላሽ ላይ ይዞ መጥቶ ከሱ ቡት ያደርጋል።

ሲስተሙን ራሱን ውጫዊ ዲስክ ላይ ጭኜ፣ ቡት ሲያደርግ «አንኤብል ቱ ማውንት ሩት» ብሎ ይቆማል?

ዩኤስቢ ዲስክ ለመታየት ትንሽ ሰከንድ ይፈጃል፣ ከርነሉ ግን አይጠብቅም፣ ሩትን (ሲስተሙ ያለበትን ክፍል) ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ይሞታል። ቡት መስመሩ ላይ «ሩትዌይት» ጨምሩ። ኢኒትራምኤፍኤስ (ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት ሞጁሎችን የሚያቀርብ ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም) የማትጠቀሙ ከሆነ ኤክስኤችሲአይ፣ ዩኤስቢ_ስቶሬጅ፣ ዩኤስቢ_ዩኤኤስ፣ ኤስዲ እና ኤክስት4 ሁሉም ኮከብ መሆን አለባቸው፣ ሞጁሉ የሚጫነው ከዲስኩ ነው፣ ዲስኩ የሚከፈተው በሞጁሉ ነው፣ መውጫ የለውም። ሩቱንም ኤስዲኤ ብላችሁ ሳይሆን በፓርትዩዩአይዲ (የፓርቲሽኑ መለያ ቁጥር) ስጡት፣ ሌላ ፍላሽ ተሰክቶ ከተገኘ ፊደሉ ይቀያየራል።

አንዳንድ ርካሽ የዲስክ ኬዞች (ዲስኩ የሚገባባቸው ሳጥኖች) ደግሞ ዩኤኤስ እንችላለን ብለው አይችሉትም፣ ትልቅ ፋይል ስትገለብጡ ይቆማል፣ ዲሜሴጅ ላይ «ዩኤኤስ» እና «አቦርት» የሚሉ መስመሮች ይደረደራሉ። የዕቃውን ሁለት ቁጥር ይዛችሁ «ዩኤስቢ ስቶሬጅ ኩዊርክስ» የሚለውን ፓራሜትር መጨረሻው ላይ ዩ ፊደል ጨምራችሁ ስጡት፣ ወደ ድሮው መንገድ ይመለሳል፣ ትንሽ ይዘገያል ግን አይቆምም።

ማውሴ ካልነካሁት እንቅልፍ ይወስደዋል?

ፓወርቶፕ (የባትሪ መቆጠቢያው ፕሮግራም) ላይ ኦቶ ቱን አድርጋችኋል አይደል? እሱ ነው ሁሉንም ዩኤስቢ የሚያስተኛው። ያንን ተዉት፣ ካልሆነ ቡት መስመሩ ላይ «ዩኤስቢኮር ኦቶሰስፔንድ»ን ማይነስ 1 አድርጉት።

ኪቦርዴ አማርኛ አይጽፍም፣ ከርነል ላይ የሚከፈት ነገር አለ?

የለም። አይባስ የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ጫኑ።

ኮምፓይል ሳደርግ መብራት ቢሄድስ? ዳታና ቦታስ ስንት ይበላል?

ሶርሱን በጊት ሙሉውን ክሎን አታድርጉ፣ ብዙ ጊጋ ነው፣ የታመቀውን ፋይል አውርዱ፣ የ6 ነጥብ ምናምን ከርነሎች ከ130 እስከ 150 ሜጋ አካባቢ ናቸው፣ በሌሊት ፓኬጅ ይወርዳል። መብራት ቢሄድ ያለቀው አይጠፋም፣ «ሜክ» ስትሉት ካቆመበት ይቀጥላል፣ ድንገት ጠፍቶ ዜሮ ባይት የሆነ የኦ ፋይል (ኮምፓይል ሲደረግ የሚወጣ ቁራጭ) ከቀረ ግን መጨረሻ ላይ ግራ የሚያጋባ ኤረር ስለሚሰጥ ዜሮ ባይት የሆኑትን ፈልጋችሁ አጥፏቸውና ድገሙት።

ቦታ የሚበላው ዲበግ ኢንፎ (ስህተት ለመፈለጊያ የሚጨመር መረጃ) ነው። የኡቡንቱን ኮንፊግ እንዳለ ወስዳችሁ ከተነሳችሁ ፎልደሩ ከ20 ጊጋ ሊያልፍ ይችላል፣ ከርነል ሃኪንግ ስር ገብታችሁ ዲበግ ኢንፎን አጥፉ፣ በጣም ይቀንሳል፣ ይፈጥናልም። በዛው ኮንፊግ ስትነሱ «ካኖኒካል ሰርትስ» የሚባል ፋይል የለም ብሎ ከቆመ ሲስተም_ትረስትድ_ኪስ እና ሲስተም_ሪቮኬሽን_ኪስ የሚሉትን ባዶ አድርጓቸው፣ እነሱ የካኖኒካል (የኡቡንቱ ካምፓኒ) የራሱ ቁልፎች ናቸው፣ እናንተ ጋር የሉም።

ሲያልቅ ሜክ ሞጁልስ_ኢንስቶል፣ ከዛ ሜክ ኢንስቶል፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ሴኪዩር ቡት የበራ ማሽን ላይ እናንተ የሰራችሁት ከርነል ፊርማ ስለሌለው አይነሳም፣ ወይ ባዮስ ላይ አጥፉት ወይ የራሳችሁን ቁልፍ አስመዝግቡ። የድሮውን ከርነል ደግሞ በምንም ተአምር እንዳታጠፉት፣ አዲሱ አልነሳ ካለ ግረብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚመጣው የቡት ሜኑ) ላይ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ገብታችሁ እሱን መርጣችሁ ትነሳላችሁ፣ ግረብ ራሱ ካልታየ ማሽኑ ሲበራ ኢስኬፕ ወይም ሺፍት መጫን ነው።